እስኪነጋ በሩ አይፈታም፦ የቪዲዮ ቤት ታሪክ ከእንጦጦ ግርጌ

1. በሩ

ስለ ቪዲዮ ቤት የሚያወራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከቴሌቪዥኑ ይነሣል። እኔ የምነሣው ከበሩ ነው። ባደግሁበት በፈረንሳይ ለጋሲዮን የነበረው ቪዲዮ ቤት በሩ ቆርቆሮ ነው፤ ከውስጥ በሽቦ ይታሰራል። በአዘቦት ቀን ፊልም ባለቀ ቁጥር ሽቦው ይፈታል። በበዓል ዋዜማ፣ ሦስትና አራት ፊልም በአንድ ክፍያ በሚታይበት ሌሊት ግን፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት የታሰረው ሽቦ የሚፈታው ሲነጋ ነበር። ሽንት የያዘው እንኳ አስፈቅዶ፣ ተሰድቦና ታጅቦ ነው የሚወጣው። የሚታየው ደግሞ ሙት ከመቃብሩ ሲነሣ፣ ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ወታደሮችን አንድ በአንድ ሲለቅም፣ አሻንጉሊት ቢላ ሲያነሣ ነው። ጠዋት ዓይናችን ቀልቶ፣ ወገባችን በአግዳሚው ደርቆ ስንወጣ «ሁለተኛ አይለምደኝም» እንባባላለን። ለሚቀጥለው ዋዜማ ቀድመን የምንሰለፈው ግን እኛው ነን።

ይህ መመላለስ የሰፈራችን አመል ብቻ አይደለም። በአሜሪካ፣ ቦስተን አጠገብ፣ በኦርሰን ዌልስ ሲኒማ እ.ኤ.አ. በ1976 የተጀመረው የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልሞች ማራቶን 24 ሰዓት ሙሉ የሚታይ ነው፤ ሲኒማ ቤቱ ከጠፋ በኋላም ማራቶኑ አዳራሽ እየቀያየረ ቀጥሏል። በዚያው ዓመት ክሊቭላንድ ውስጥ የኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ማኅበር የራሱን ጀመረ። ለንደን፣ ኪንግስ ክሮስ የነበረው ስካላ ሲኒማም እ.ኤ.አ. በ1993 እስኪዘጋ ድረስ በሌሊት ትርዒቶቹ ስሙ የገነነ ነበር። እነዚያ አዳራሽ ነበራቸው፤ ፕሮጀክተር ነበራቸው፤ የታተመ ፕሮግራም ነበራቸው። የእኛው የተሠራው ከአንድ ዴክ፣ ከአንድ ቴሌቪዥንና ከሰዓት እላፊ ነው።

2. ሲኒማ ቤት ከወንዝ ማዶ

ፊልም አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። የመጀመሪያውን የማሳያ መሣሪያ አንድ ፈረንሳዊ አምጥቶት፣ የጣሊያኑ መልእክተኛ ቺኮዲኮላ ገዝቶ ለንጉሠ ነገሥቱ እንዳበረከተው የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። (የጣሊያን ኤምባሲ ዛሬም ቀበና ነው ያለው። ስለዚህ ጉዳዩ ከመጀመሪያውም የጎረቤት ጉዳይ ነው ብል ማን ይከለክለኛል?) በኋላ ፒያሳ ላይ ለሕዝብ የተከፈተውን ማሳያ የአዲስ አበባ ሰው «ሰይጣን ቤት» አለው። በጨለማ ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚራመድ ሰው ከሰይጣን ሌላ ምን ይባላል! የአስፈሪ ፊልም ወዳጆች ስሙን ተሻምተው ሊወስዱት ይገባ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለው የታወቀ ነው። ኢምፓየርና ሲኒማ ኢትዮጵያ ፒያሳ፣ ራስ መርካቶ፣ አምባሳደር መሀል ከተማ ተከፈቱ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ሲኒማ ቤቶችን ወረሰ። ለእኛ ዋናው ነገር ግን ካርታው ነው። ዛሬ የካ ክፍለ ከተማ በሚባለው ወገን፣ ከቀበና ወንዝ ወዲህ ከፈረንሳይ እስከ ሾላ፣ ከመገናኛ እስከ ኮተቤ፣ ከእነዚህ ከነባሮቹ አንድም አልነበረም። ፊልም ማየት ማለት ፒያሳ መውረድ፣ ትኬት መሰለፍ፣ ከዚያ በታክሲ ወይም በእግር ዳገቱን መመለስ ነው። ማታ ከሆነ መመለሻው ይቸግራል። ቪዲዮ ቤትን የወለደው የመጀመሪያው ፍላጎት ይኸው መንገድ ነው።

3. ዴኩ የሚያድርበት ሌሊት

ሁለተኛው ፍላጎት ሰዓት እላፊ ነው። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ለዓመታት ከእኩለ ሌሊት በኋላ መንቀሳቀስ የተከለከለባት ከተማ ነበረች። የዚያ ዘመን ሰው የሠርጉንም የልደቱንም ድግስ እስኪነጋ ያስኬድ የነበረው ጭፈራ ስለ ወደደ ብቻ አልነበረም፤ ከመሸ መውጣት ስለማይቻል ነው። ቤት ውስጥ የታገተ እንግዳ ደግሞ የሚያይና የሚሰማው ነገር ይፈልጋል። የካሴት ማጫወቻው፣ ማለትም ዴኩ፣ የደረሰው በዚህ ጊዜ ነው። ከጅዳ፣ ከጅቡቲና ከአሜሪካ በሚመጡ ሰዎች ሻንጣ እየተጠቀለለ ገባ።

ዴክ የነበረው ቤት ጥቂት ነበር። ስለዚህ የተስፋፋው መግዛት ሳይሆን መከራየት ነው። ዴኩ ከሁለትና ሦስት ካሴት ጋር ለአንድ ሌሊት ይከራያል፤ ጓደኛሞች ገንዘብ ያዋጣሉ፤ መታወቂያ መያዣ ይሆናል፤ ጠዋት ይመለሳል። የሌሊት ማራቶን ምሥጢሩ ከዚህ የኪራይ ውል አይወጣም። የተከፈለው ለሌሊቱ ስለሆነ እንቅልፍ ኪሳራ ነው። አንድ ፊልም አይቶ የተኛ ሰው የሌሎቹን መዋጮ ያባከነ ያህል ይታያል፤ ስለዚህ በክርን ይቀሰቀሳል። አራተኛውን ፊልም ማንም በቅጡ አላየውም፤ ሁሉም ግን «አይቻለሁ» ይላል።

መሣሪያው ራሱም ጠባይ ነበረው። የእኛ አገር ቴሌቪዥን በፓል ሥርዓት ስለሚሠራ ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ካሴት ብዙ ዴክ ላይ አልሆን ይላል፤ ሥዕሉ ይንሸራተታል፣ ቀለሙ ይጠፋል። ሁለቱንም የሚያነብ «መልቲሲስተም» ዴክ ያለው ሰው የሰፈሩ ባላባት ነበር። ከዓረብ አገር የመጣው ካሴት ደግሞ ከሥሩ የዓረብኛ ጽሑፍ አለበት። እንግሊዝኛውን ያልሰማ ዓረብኛውንም አያነብም፤ ግን ጽሑፉ መኖሩ ብቻ ፊልሙን የከበደ ያስመስለዋል። የዴኩ ራስ ሲቆሽሽ ሥዕሉ በበረዶ ይሸፈናል፤ አልኮል የነካ ጨርቅ ይፈለጋል፤ አልኮል ከሌለ ሽቶም ተሞክሯል። መብራት ሲሄድ ካሴቱ ዴኩ ሆድ ውስጥ ይቀራል፤ ጠዋት ለአከራዩ የሚነገረው ነገር ሌሊቱን ሙሉ ይመከርበታል። ከፊልሙ ይልቅ ያኔ ነው በእውነት የሚፈራው።

ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ደርግ ከወደቀ በኋላ ያ የደርግ ዘመን ሰዓት እላፊም አበቃ። ዕቃ ማስገባት ቀለለ፤ ዴክም ረከሰ። ከሳሎን የነበረው ነገር ወደ ጓሮ ወጣ፤ በማገርና በጭቃ፣ ቆይቶም በቆርቆሮ የተሠራች አንዲት ክፍል የመንገድ ዳር ንግድ ሆነች። ስሟም «ቪዲዮ ቤት» ተባለ።

4. አደረጃጀቱ

ቪዲዮ ቤት ቀላል ይመስላል እንጂ ሥርዓት ነበረው። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ፊልም አያይም። ክፍሉን ያከራየ ወይም ዴኩን የገዛ ነጋዴ ነው፤ ማታ መጥቶ ሒሳብ ይቀበላል። በር ላይ ገንዘብ ተቀባዩ ይቆማል፤ ጉልበቱ የተፈራ ጎረምሳ ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱም የቆርቆሮ ቀዳዳ ፈልጎ የሚያይ ልጅ ሁልጊዜ አለ። ሦስተኛው ካሴት የሚያስገባው ነው። ሥልጣኑ ከሁሉ ይበልጣል። የትኛው ፊልም መቼ እንደሚገባ፣ የትኛው ቦታ ወደ ፊት እንደሚጠነጠን፣ ድምፁ ስንት እንደሚሆን የሚወስን እሱ ነው። ቤተሰብ የማያየው ትዕይንት ሲመጣ በጣቱ አሳልፎ የሚሄድም ነበር፤ ይቅር የሚለውም ነበር።

ከውጪ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የፊልሙ ስም በጠመኔ ይጻፋል። አጻጻፉ የራሱ ፊደል ነበረው፦ «ኮማንዶ»፣ «ቴርሚኔተር ቁ. 2»፣ «አናኮንዳ»። ስሙን ለማያውቅ ደግሞ «የአርኖልድ»፣ «የቫንዳም»፣ «የጃኪ ቻን» ተብሎ ይብራራል። አስፈሪ ከሆነ «ልበ ደካማ አይግባ» ይታከልበታል፤ ያንን ያየ ልበ ደካማ ሁሉ ይገባል።

ውስጡ አግዳሚ ወንበር ነው፤ አንዳንዴ በድንጋይ ላይ የተጋደመ ጣውላ። ፊተኛው መስመር የልጆች ነው፤ አንገታቸውን አንጋጠው ያያሉ። መሀሉ የከፋዮች ነው። ኋላ ግድግዳውን የተደገፉት የቤቱ ደንበኞች ናቸው፤ ጫት የሚቅሙም ከነሱ መሀል አይጠፉም። ሻይና ለውዝ ይዞራል። በልጅነቴ መግቢያው 1 ብር ሳይሞላ ጀምሮ ብር ገባ፤ የሌሊቱ ፕሮግራም ከዚያ ከፍ ይል ነበር። መብራት ከሄደ ገንዘብ አይመለስም። ሕጉ ይህ ነበር፤ የተቃወመ ቢኖርም በሩ ላይ ያለውን ጎረምሳ አይቶ ይተወዋል።

የሌሊቱ ቅደም ተከተል ግን የንግድ ጥበብ ነው፤ አሁን ሳስበው ያስደንቀኛል። መጀመሪያ ካራቴ ወይም የጦር ፊልም ይገባል፤ ሰው እየመጣ ስለሆነ መግቢያው ቢያልፍህ የምትጎዳበት ፊልም አይደለም። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ግድም፣ በሩ ከታሰረና ቤቱ ከሞላ በኋላ፣ አስፈሪው ይገባል። ይህ እንቅልፍን የሚያባርር መድኃኒት ነው። ቀጥሎ ከሰማይ የወረደው ወይም ከላቦራቶሪ ያመለጠው ፍጡር ይመጣል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ፣ ግማሹ ቤት ማንኮራፋት ሲጀምር፣ የህንድ ፊልም ይገባል። ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ አንድ ፊልም ብቻውን ሌሊቱን ያነጋዋል፤ ዘፈኑም የተኛውን አይረብሽም። ባለ ካሴቱም ያኔ ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል።

5. ፍርሃት በማኅበር

ለምን አስፈሪና የሳይንስ ልብ ወለድ? አንዱ ምክንያት ቋንቋ ነው። ፍርድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዓት የሚከራከሩበት ፊልም እንግሊዝኛ ይጠይቃል። ሩጫና ጩኸት አስተርጓሚ አይፈልግም። ካምፓላ ውስጥ ፊልሙን በሉጋንዳ እየተረጎሙ ከማይክሮፎን ጋር የሚቀመጡ «ቪጄ» የሚባሉ ባለሙያዎች አሉ። እኛ ሰፈር ማይክሮፎን አልነበረም፤ ከዚህ በፊት ያየ ልጅ ነበር። ቴርሚኔተር ከወደፊት ዘመን እንደመጣ፣ ገና ያልተወለደውን ልጅ እናት ሊገድል እንደተላከ የሚያስረዳው እሱ ነው። «ያልተወለደ ልጅ ሰው እንዴት ይልካል?» ብሎ የሚሟገት ከኋላ ይነሣል። ክርክሩ ፊልሙን ይሸፍነዋል፤ ግን ያ ክርክር ራሱ ግማሹ መዝናኛ ነበር። የሳይንስ ልብ ወለድን ፍልስፍና የተማርነው ከዚያ ከኋላው አግዳሚ ነው።

ሌላው ምክንያት «አክተር አይሞትም» የሚባለው ሕግ ነው። በጦር ፊልም አክተሩ ጥይት ቢዘንብበት እንደማይሞት ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ልብ አይሰቀልም። አስፈሪ ፊልም ይህን ሕግ ያፈርሳል። ቆንጆዋም ትሞታለች፤ ጀግናውም ይበላል፤ ማን እንደሚተርፍ አይታወቅም። ቤቱ ውስጥ በሻይ ይወራረዱ ነበር።

ከሁሉ የከበደው ምክንያት ግን ቦታው ነው። ለቦስተን ተመልካች ጋኔን ያደረባት ልጅ የፊልም ነገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1973 የተሠራው «ኤግዞርሲስት» ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሲታይ ግን ከቤቱ በላይ እንጦጦ አለ፤ እንጦጦ ላይ ጸበል አለ፤ ጸበሉ ዘንድ በየማለዳው የሚጮህ ሰው አለ። እናትየዋ ልጇን ከሐኪም ወደ ሐኪም ስታንከራትት ከመሀል አንድ ድምፅ «ኧረ ጸበል ውሰዷት!» ብሎ ጮኸ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ግን ከፍርሃቱ አልተለየም። ምክሩን የሰጠው ሰው እየቀለደ አልነበረምና።

ጅቡም አለ። የቀበናን ወንዝ ይዞ ማታ ማታ ከእንጦጦ የሚወርድ ጅብ ለዚህ ሰፈር ሰው ተረት አይደለም፤ ድምፁ ከቴሌቪዥኑ ድምፅ ጋር ይቀላቀላል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የዞምቢ ፊልም አይቶ ብቻውን ዳገቱን የሚወጣ ጀግና አላየሁም። ሰዓት እላፊው ቢነሣም በሩ እስኪነጋ የታሰረው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ወታደሩ ሲሄድ ጅቡ ቀረ።

እና ሰው የሚመለሰው ለምንድን ነው? ፊልሙ ለዚያ አይበቃም፤ አንዳንዱን አምስት ጊዜ አይተነዋል። የሚመልሰው አብሮ የመታሰሩ ነገር ነው። በሌላ ጊዜ የማያናግርህ ጎረምሳ አስፈሪው ሲመጣ ክንድህን ይይዛል፤ ጠዋት ይህን እንዳታወራበት ሻይ ይጋብዝሃል። ቦታ ይያዛል፤ የቀረ ሰው ይጠየቃል፤ ሲሰበሰቡ ያለፈው ሌሊት ይተረካል። ከማኅበር የሚለየው ጠበልና ዳቦ የሌለው በመሆኑ ብቻ ነው። በቦስተንም ሆነ በስካላ አዳራሹን የሚሞላው ነገር ይኸው ይመስለኛል፦ ከእንቅልፍ ጋር በጋራ የተደረገ ትግል፣ ለሌላ ሰው የማይተረጎም ቀልድ፣ ከዚያ በኋላ ያለው የጠዋት ብርሃን።

6. በሩን የከፈቱት

ቪዲዮ ቤት በሕግ ዓይን ሁልጊዜ የተጠረጠረ ነበር። ጫት ቤትና ሺሻ ቤት ሲዘጋ እሱም አብሮ ይጠራል፤ ከትምህርት ቤት የሚኮበልል ተማሪ መደበቂያ መሆኑም እውነት ነው። ቀበሌና ፖሊስ በዘመቻ ይመጣሉ፤ ቴሌቪዥኑ ይወሰዳል፤ ከወር በኋላ ሌላ ጓሮ ውስጥ ይከፈታል። እናቶች ዘመቻውን ይደግፉ ነበር፤ እኔም ዛሬ አባት ሆኜ ሳየው አልፈርድባቸውም።

የፊልሙ ባለቤትነት ግን ማንንም አላስጨነቀም። ኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ያወጣችው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ አዋጅ ቁጥር 410። ያም ሆኖ ከካሴት ቅጂ ጋር ትግሉን የያዙት የአገር ውስጥ ሙዚቀኞችና ፊልም ሠሪዎች ነበሩ። ለሆሊውድ ጭራቅ ጠበቃ የቆመለት አልነበረም።

የገደለው ሕግ አይደለም፤ ቀስ በቀስ የደረሱ ሌሎች ነገሮች ናቸው። ቪሲዲና ዲቪዲ ሲመጡ ማጫወቻው ከዴክ ረከሰ፤ ሰው ቤቱ ማየት ጀመረ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአማርኛ ፊልም ሲኒማ ቤቶችን ሞላ፤ እሱም ፍቅርና ቀልድ እንጂ ጭራቅ አያውቅም። አግዳሚዎቹን የወሰደው ደግሞ የእንግሊዝ ኳስ ነው። ያው ቤት፣ ያው ጣውላ፣ ከላይ ዲሽ ተተክሎበት «ዲኤስቲቪ ቤት» ሆነ። ኳስ በ90 ደቂቃ ያልቃል፤ በሩም ይከፈታል። በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ በነበረበት ወቅት ጄኔሬተር መግዛት ያቃታቸው ጭራሹን ዘጉ። ከዚያ «ፊልም እንጭናለን» የሚል ጽሑፍ የለጠፉ ሱቆች መጡ፤ ፍላሽ ይዘህ ትሄዳለህ፣ ሃያ ፊልም ተጭኖልህ ትመለሳለህ። አሁን ደግሞ ቴሌግራም። በልጅነታችን ለአንድ ካሴት ያዋጣን ሰዎች ዛሬ ስልካችን ውስጥ ያላየነው አርባ ፊልም አለ።

7. ዛሬ ከኮረብታው በታች

ዛሬ ተቋሙ በሰሌዳና በቆርቆሮ በር የለም። አንዳንዱ ሚናው ግን ወደ ሌላ እጅ ተላልፏል። ሕጻናቱን ፕሌይስቴሽን ቤት ወስዷቸዋል። የሳይንስ ልብ ወለዱ ወሬ ደግሞ በጣም ቀርቦናል። እንጦጦ አናት ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ግድም፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የያዘ የሥነ ፈለክ መመልከቻ አለ። በ2012 ዓ.ም. ከቻይና ከመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት መረጃ ይቀበል የነበረው የምድር ጣቢያም እዚያው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ወደ ሰማይ የሚያይ ሰው እንግዲህ ከቪዲዮ ቤታችን በላይ፣ በዚያው ኮረብታ ላይ አለ ማለት ነው። ደመወዝም ይከፈለዋል።

ፊልሙም አማርኛ ተናግሯል። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው «ክራምብስ» እ.ኤ.አ. በ2015 ወጣ። ዓለም ከፈረሰች በኋላ ሰማይ ላይ ተንጠልጥላ የቆየች የጠፈር መርከብ አለች፤ ዳንኤል ታደሰ የሚጫወተው ካንዲ የሚባል ሰው ዳሎልን በመሰለ ምድር ይጓዛል። የፈረሰው ዓለም የፕላስቲክ መጫወቻ ሳይቀር እንደ ቅርስ የሚከበርበት ፊልም ነው። ከኋላው አግዳሚ ተቀምጠን ብናየው ኖሮ የሚፈጠረው ክርክር እስከ ቀትር አያልቅም ነበር።

የቀረው ነገር በየሰው ቤት ነው። ከወዳጆቼ ጋር አልፎ አልፎ ኮተቤ፣ በአንዳችን ሳሎን ውስጥ አንሶላ ሰቅለን በትንሽ ፕሮጀክተር አስፈሪ እናያለን፤ ሦስት ፊልም፣ አንዳንዴ አራት። ቅደም ተከተሉን ማንም ሳይጽፈው እንደ ድሮው ሆኖ እናገኘዋለን። ባለፈው በዓል ዋዜማ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ አንዱ «እኔ ልሂድ፤ ነገ ሥራ አለኝ» ብሎ ተነሣ። ነገ በዓል መሆኑን ማንም አላስታወሰውም። ስልኩን አውጥቶ ታክሲ ጠራ፤ በሩን ከፈተ፤ ከወንዙ በኩል ጅብ ጮኸ። ተመልሶ ገባ፤ ጫማውን አወለቀ፤ ቦታው ተይዞ ስላገኘው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ባለቤቱ ተነሥቶ በሩን ቆለፈና «የህንዱን ላስገባ?» አለ።